ሮቶው የት ይቀመጥ? ማማ ላይ ወይስ መሬት ላይ?

ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ሮቶ መግዛቱ ቀላል ነው። የሚያከራክረው ማስቀመጫው ነው።

ወጪ፦ ማማ ብረት፣ ብየዳና ጠንካራ መሠረት ይፈልጋል። 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 1,000 ኪሎ ይመዝናል። እባካችሁ፣ ለዚህ ክብደት ያልተሠራ ጣሪያ ላይ አትስቀሉት! መሬት ላይ ደልዳላ ኮንክሪት ይበቃል፤ ፓምፕ ግን ይጨመርበታል።

አሞላል፦ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄን ነው። ዳገት ላይ ያለ ሰፈር የመስመሩ ግፊት ይደክማል። ውሃው ሌሊት ቢመጣም ማማው ላይ ላይወጣ ይችላል። መሬት ያለው ሮቶ ግን ቀስ እያለም ቢሆን ይሞላል።

አጠቃቀም፦ ከማማ ውሃው በራሱ ይወርዳል፣ መብራት ቢጠፋም። ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። ለማጠቢያ ይበቃል፣ ለሻወር ይደክማል።

አደጋ፦ ማማ ላይ ባዶ ሮቶ ካልታሰረ ንፋስ ይጥለዋል። መሬት ላይ ጎርፍና ቆሻሻ ያሰጋል።

ግፊቱ ደህና ከሆነና መብራት ቶሎ ቶሎ ከሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ማማ ይሻላል። ዳገት ላይ ላላችሁ መሬት። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነማ በላይኛው ጥግ አስቀምጡት፤ ማማም ፓምፕም ላያስፈልግ ይችላል። ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ፣ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ለሮቶው ጥላ ፈልጉለት።