ቀጭን ፈታይ በሎንግአርም ላይ፦ ባለ 40፣ ባለ 60 ወይስ ባለ 100 ቁጥር ፖሊስተር?

አገር ቤት ሴትን በሙያዋ ሲያወድሷት «ቀጭን ፈታይ» ይሏታል። ወፍራም ክር ማንም ይፈትላል። ባለሙያዋ የምትለየው ክሩ እንዝርቷ ላይ ሳይበጠስ ሲቀጥን ነው። ይህ አባባል ትዝ የሚለኝ እዚህ አሜሪካ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ባለ 10 ጫማ ፍሬም ላይ ኩዊልት (በላይና በታች ጨርቅ መሃል ባቲንግ የሚባል ስስ ሙሊት ገብቶ አንድ ላይ የሚሰፋ ልብስ) ወጥሬ ሎንግአርሙን፣ ማለትም ክንዱ የረዘመውን የኩዊልት ስፌት ማሽን፣ ስገፋ ነው። ማሽኑ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ሊወጋ ይችላል። ጥያቄው ግን የአያቶቻችን ጥያቄ ነው። ክሩ ምን ያህል ይቅጠን?

ክር ልንገዛ ስንሄድ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ቀለሙ ይሄዳል ወይ? ይበጠሳል ወይ? ሁለቱም ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። በአንዱ መስመር ላይ ስንት ጊዜ ልትመላለሱበት ነው? አንዴ አልፋችሁበት የምትሄዱ ከሆነ ወፈር ያለ ክር ያምራል። ሁለቴ ሦስቴ የምትደጋግሙት ከሆነ ግን ቀጭኑን ያዙ።

ይህን የተማርኩት በሰው ኩዊልት ላይ ነው። አንዲት ደንበኛዬ መሃሉ ላይ ትልቅ ኮከብ ያለው የአልጋ ኩዊልት አመጣችልኝ። የኮከቡን ዙሪያ በጠጠር ንድፍ ልሞላው ተስማማን። ጠጠር ማለት ሽምብራ የሚያካክሉ ክቦች ተጠጋግተው የሚሰፉበት ንድፍ ነው። ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ለመሻገር አስቀድማችሁ በሰፋችሁት መስመር ላይ ተመልሳችሁ ታልፋላችሁ። ማሽኑ ላይ የነበረው ባለ 40 ቁጥር የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ነበር። ሳልቀይረው ጀመርኩ። ግማሽ ክንድ ያህል ከሄድኩ በኋላ ቆም ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት። ክቦቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ክሩ ተደራርቦ እንደ ቋጠሮ ይጎረብጣል። ጨርቁ ካርቶን መስሏል። ሁለት ሙሉ ማታ ተቀምጬ ፈታሁት። ከዚያ በባለ 100 ቁጥር ደግሜ ሰፋሁት። ያው ንድፍ፣ ያው እጅ ነው። አሁን ግን ክሩ ከዓይን ጠፋ፣ ክቦቹ ብቻ ከፍ ከፍ ብለው ታዩ።

ስለ ቁጥሩ

ክር ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲያድግ ክሩ ይቀጥናል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ከ1 ኪሎ ግራም ክር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወጣ ነው። ባለ 40 ከሆነ 40 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 100 ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ቴክስ የሚባለው ልኬት ደግሞ የ1,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግራችኋል። ስለዚህ ባለ 40 ቁጥር 25 ቴክስ ይሆናል። ባለ 60 ወደ 17፣ ባለ 80 ደግሞ 12.5 ነው። ባለ 100 ላይ ስትደርሱ 10 ብቻ ይቀራል። ከባለ 40 ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም አምራች በአንድ ዓይነት መንገድ አይቆጥርም። የአንዱ 50 ከሌላው 50 ወፍሮ ብታገኙት አትገረሙ። ቴክሱ ከተጻፈ በቴክስ አወዳድሩ። ካልተጻፈ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሁለት ጣት መሃል አሹአቸው። ጣት ልዩነቱን ያውቀዋል።

ባለ 40፦ መታየት ለሚፈልግ ስፌት

ግላይድ እና አይሳኮርድ የሚባሉት ክሮች እዚህ ይመደባሉ። ሁለቱም ትራይሎባል ፖሊስተር ናቸው። የእያንዳንዱ ቃጫ አካል ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን መሰል ስለሆነ ብርሃን ይመልሳል። ያ ማብረቅረቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚሄድ ፓንቶግራፍ (እየተደጋገመ የሚሰፋ ንድፍ)፣ ዘርዘር ላለ ትልቅ አበባ፣ አንድ ቀለም ብቻ ላለው ጨርቅ ይህን እመርጣለሁ። ጠንካራ ነው፣ ማሽኑም ይወደዋል፣ ጀማሪን አያንገላታም። ድክመቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። መደራረብ አይችልም።

ባለ 50 እና ባለ 60፦ የዕለት እንጀራ

የሱፒሪየር ትሬድስ ሶ ፋይን ባለ 50 ነው፣ ሦስት ክር ተገምዶ የተሠራ፣ የማያብረቀርቅ። የዚያው ድርጅት ቦተም ላይን ባለ 60 ነው፣ ሁለት ክር የተገመደ። ቦተም ላይን ኩዊልት ሠዓሊዋ ሊቢ ሌማን የተሳተፈችበት ክር ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው መጀመሪያ የታሰበው ለታች ክር ነበር። እስካሁንም ቦቢን (የታች ክር መጠቅለያ) ውስጥ የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ሶ ፋይን ጥጥ ክር ለለመደ እጅ ይስማማል። ጥጥ ይመስላል፣ ግን ብናኝ አይተውም። ቦቢን መያዣውን ከፍታችሁ ስታዩት ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል። በጥጥ ክር ስሰፋ መንጠቆው ዙሪያ ብናኝ ይጠራቀማል፣ በብሩሽ መጥረግ አለብኝ። በእነዚህ ስሰፋ ብዙም የሚጠረግ አላገኝም።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዢ ብትሉኝ ቦተም ላይንን እወስዳለሁ። ላይም ታችም ይሠራል። የላባ ንድፍ ስትሰፉ የላባውን ጀርባ አንዴ ደግማችሁ ብታልፉበት ይችላል። ሁለት ጨርቆች በሚጋጠሙበት ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ስትሰፉ ይሰወራል። ባለ 40 ከላይ፣ ባለ 60 ከታች ማድረግም ጥሩ ጥምረት ነው። የላዩ ያምራል፣ ከጀርባ በኩል ደግሞ ስፌቱ አይወፍርም። ቦቢን ላይ የሚጠቀለለው ክርም ረጅም ነው። 1 ግራም ባለ 40 ክር 40 ሜትር ነው፣ ባለ 60 ግን 60 ሜትር ይሰጣል። ትልቅ የአልጋ ኩዊልት መሃል ላይ ክር ያለቀበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ባለ 80 እና ባለ 100፦ እውነተኛው ቀጭን ፈትል

እዚህ ሦስት ስሞች ይመጣሉ። ከካናዳው ክር አምራች ከወንደርፊል ዴኮቦብ ባለ 80 እና ኢንቪዛፊል ባለ 100 አሉ። ከሱፒሪየር ደግሞ ማይክሮኩዊልተር ባለ 100 አለ። ሦስቱም ፖሊስተር ናቸው፣ ሦስቱም ሁለት ክር ተገምዶባቸዋል፣ ሦስቱም አያብረቀርቁም። የወንደርፊሎቹ እንደ ጥጥ እንዲለሰልሱ ተደርገዋል።

ድሮ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባለ 100 ቁጥር የሐር ክር ነበር። ሐር አሁንም ድንቅ ነው። ግን ዋጋው ይከብዳል፣ ለመላ አልጋ ኩዊልት ሐር መጨረስ ለሁሉም ሰው አይቻልም። ባለ 100 ፖሊስተር ያንን ሥራ በሚቻል ዋጋ ይሠራዋል። ናይለን የሆነው መስታወት መሳይ ክርም እንደማይታይ ይነገርለታል። እኔ አልወደውም። ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፣ ሲነኩትም ይሻክራል።

ኢንቪዛፊልን ወይስ ማይክሮኩዊልተርን? ሁለቱንም እጠቀማለሁ። በእኔ እጅ ኢንቪዛፊል ለስለስ ይላል፣ ጨርቁ ውስጥም ይሰምጣል። ማይክሮኩዊልተር ደግሞ በፈጣን ማሽን ላይ ትንሽ ይጸናልኛል። ለእጅ አፕሊኬ (ቁራጭ ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ላይ የመስፋት) ሥራና ለቤት ስፌት ማሽን የመጀመሪያውን፣ ለሎንግአርም ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ዴኮቦብ መሃል ላይ ነው። ባለ 100 የሚያስፈራው ሰው ከእሱ ይጀምር።

«ይህን ያህል ቀጭን ክር ኩዊልቱን ይይዘዋል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በእጃችሁ ብትስቡት ቶሎ ይበጠሳል፣ እውነት ነው። ግን ጠጠር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሙሌት ውስጥ አንዱን ኢንች የሚይዙት ብዙ ስፌቶች ናቸው፣ ጫናውን ይካፈሉታል። መስመሮቹ በሦስት በአራት ኢንች በተራራቁበት፣ በየሳምንቱ በሚታጠብ የልጅ ኩዊልት ላይ ግን ባለ 100 አላደርግም። እዚያ ባለ 50 ወይም ባለ 40 ይሻላል።

ማሽኑን ለቀጭን ክር ማዘጋጀት

ቀጭን ክር ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ማሽኑ ለባለ 40 እንደተዘጋጀ ስለቀረ ነው።

መርፌው ይቅደም። ኤም አር 4.0 በሚባለው የሎንግአርም መርፌ መጠን ላይ ከሆናችሁ ወደ 3.5 ወይም 3.0 ውረዱ። ትልቅ መርፌ ትልቅ ቀዳዳ ይተዋል፣ ቀጭኑ ክር ቀዳዳውን አይሞላውም። ከዚያ ከታች ያለው ክር በነጥብ በነጥብ ወደ ላይ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ የቦቢኑን ውጥረት እዩ። የቦቢን መያዣውን መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና ክሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። መያዣው ቀና ብሎ ቢቆም፣ ግን ከመዳፋችሁ ባይነሳ ደህና ነው። ጨርሶ ከተነሳ ጠብቋል፣ የጎኑን ብሎን በትንሽ በትንሹ አላሉት። የታቹን ካስተካከላችሁ በኋላ የላዩን አላሉ። ቀጭን ክር ላላ ያለ ነገር ይወዳል። ሦስት ቀዳዳ ያለው ክር ማሳለፊያ ካላችሁ ክሩን በሦስቱም አታጠላልፉት። እኔ ባለ 100 ስጠቀም በአንዱ ብቻ አሳልፈዋለሁ። መበጠሱ ያን ቀን ነው የቀረልኝ።

ቦቢን ስትጠቀልሉ አትቸኩሉ። ፖሊስተር ይለጠጣል። በፍጥነት ተወጥሮ ከተጠቀለለ፣ ከተሰፋ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ጨርቁን ይሰበስበዋል። የሸማኔ ቀሰም ሲጠቀለል ያየ ሰው ይህን አይስተውም፣ እጅ እኩል መሆን አለበት። ኮኑ (ክሩ ተጠቅልሎ የሚሸጥበት ሾጣጣ) ላይ ያለው ክር ደግሞ ቀጭን ሲሆን ወደ ሥሩ እየተንሸራተተ ይጠመጠማል። መረብ አልብሱት። አለበለዚያ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ይሆናል።

ፍጥነት ቀንሱ፣ ስፌቱን አሳጥሩ። ለሰፊ ንድፍ በኢንች 10 ስፌት ይበቃኛል። በባለ 100 ግን ወደ 12 እና 14 አወጣዋለሁ፣ ትንንሾቹ ክቦች ማዕዘን እንዳያወጡ።

ፖሊስተር የማላስገባበት ቦታ

«ፖሊስተር ጥጡን ይቆርጠዋል» የሚለው ወሬ ዛሬም አለ። እነዚህ ለስላሳ ቀጭን ክሮች ላይ እኔ አላየሁትም። ካውያ ግን ይታሰብበት። ፖሊስተር የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የጥጥ ሙቀት ላይ ያለ ካውያ እዚያ አይደርስም፣ ግን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ለሚገባ የሳህን መያዣ ፖሊስተር አታስገቡ። እሱ ከክሩ እስከ ባቲንጉ ንጹሕ ጥጥ ይሁን።

ቀለሙን ለመጨረሻ ያቆየሁት በቀጭን ክር ላይ ስለሚቀል ነው። ባለ 40 በትንሹ ካልገጠመ ይጮሃል። ባለ 100 ከጎረቤቱ ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨርቅ የተለየ ክር አያስፈልግም። ከኮኑ አንድ ክንድ ያህል ሳቡና ኩዊልቱ ላይ ዝም ብላችሁ በትኑት። አንድ ነጠላ ክር ከኮኑ ይልቅ ፈዝዞ ይታያል፣ ስለዚህ በኮኑ ቀለም አትወስኑ። መግዛት የምችለው አንድ ብቻ ቢሆን መካከለኛ ግራጫ በባለ 60 እወስድ ነበር። በቀይም፣ በሰማያዊም፣ በአረንጓዴም ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ጥላ መስሎ ይገባል።