በሂርማታ ያገኘሁት የስልክ ጥገና

ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ግን «አላየሁትም» የሚልበት ችግር በጅማ የተለመደ ነው፤ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያስረክቡበት ወቅት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በስልካቸው የቀዱትን ቃለ መጠይቅ ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ ሲሞክሩ ይቸገራሉ። እኔም በተመሳሳይ ምክንያት በሂርማታ መርካቶ ወደሚገኝ፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከሁለት በርጩማ በላይ ወደማይይዝ ጠባብ የጥገና ሱቅ ሄጄ ነበር።

ቀደም ብዬ ያሳየሁት ሌላ ሱቅ ስልኩን በቅጡ ሳይመረምር ፍላሽ መደረግ (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ መጫን) እንዳለበት ነግሮኝ ነበር። ፍላሽ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ፋይሉን ለማውጣት የመጣን ደንበኛ ፋይሉን አጥፍቶ ስልኩን ማስረከብ ምን እንደሚረባው ሊገባኝ አልቻለም።

የሂርማታው ባለሙያ ግን ካቻቢቴ እንኳ አላነሳም። መጀመሪያ ያየው ገመዱን ነው። «ጋሼ፣ ይህ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዳታ አያሳልፍም» አለኝ። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች ኃይል፣ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ፤ በመንገድ ዳር በርካሽ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ግን የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም። በራሱ ገመድ ሲሞክረው ኮምፒውተሩ የመገናኘት ድምፅ ቢያሰማም ስልኩ በትንሹ ሲነካ ይቋረጥ ነበር። ስልኩን አጥፍቶ በባትሪ መብራት ቀዳዳውን ካየ በኋላ የኪስ ብናኝና የቡና ገለባ ተጋግሮ የሠራውን ጠጣር ነገር በስቴኪኒ ቀስ እያለ አወጣው፤ መርፌ ያልተጠቀመው የውስጡን ጥርሶች እንዳያጣምም ወይም ሾርት እንዳያደርግ መሆኑን ሲያስረዳኝ በሙያው ላይ ያለኝ እምነት ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ ጸና፤ ፎልደሩ ግን ባዶ ነበር። ይህ ብልሽት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኮች ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ ባለቤቱ እስኪፈቅድ ድረስ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የስክሪኑ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ከላይ የሚወርደው የማሳወቂያ መጋረጃ ተስቦ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለው መመረጥ አለበት። የአይፎን ባለቤቶችም «ይህን ኮምፒውተር ታምናለህ?» ለሚለው ጥያቄ እሺታቸውን ካልሰጡ ፎቶዎቻቸው አይታዩም። ይህ ሁሉ ባይሠራ ኖሮ በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አጥፍቶ እንደገና ሊጭን አስቦ እንደነበር ነገረኝ።

ያስከፈለኝ የአዲሱን ገመድ ዋጋና ለጽዳቱ የተጨመረች ጥቂት ብር ነው፤ ለምርመራው አልጠየቀኝም። ሆኖም ዋጋ በግልጽ አለመለጠፉና ደረሰኝ አለመስጠቱ ያስወቅሰዋል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። ደንበኞች የይለፍ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው ስልኩን ትተው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ እኔ በበኩሌ ጥገናው እስኪያልቅ አጠገቡ መቀመጥን እመርጣለሁ። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሰላት ስለሚዘጋ ረፋድ ላይ ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከተቻለም ላፕቶፕን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ስልኩን ቢያየውም የቤቱ ላያየው ይችላልና።