የቤት ውስጥ በረራ በቪአር፦ ጅማ ላይ የትኛው መነፅር ያዋጣል?

የበረራ ሲሙሌተር የሚወዱ የጅማ ልጆች ስለ ቪአር መነፅር (ዓይንን ሸፍኖ ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው) ሲያነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ የምጠይቃቸው ኮምፒውተራቸውን ነው። መነፅሩ ማሳያ ነው። ደመናውን፣ ክንፉን፣ ማሳውን የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ያውም ለቀኝና ለግራ ዓይን ለየብቻ። ካርዱ ካልቻለ ውዱም ርካሹም መነፅር እኩል ያቅለሸልሻል።

ስለዚህ ከኮምፒውተሩ እንነሳ።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን ወይም ኤክስ-ፕሌን 12ን በቪአር ለማብረር 8 ጊጋ የቪዲዮ ሜሞሪ ትንሹ ነው ብላችሁ ያዙት። ከኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ሴቲንጉ ዝቅ ካለለት ይሰራል። አርቲኤክስ 4070 ላይ ሲደረስ ሰው ዘና ብሎ ይበርራል። ላፕቶፕ የምትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የላፕቶፑና የዴስክቶፑ 4070 ስማቸው እንጂ ጉልበታቸው አንድ አይደለም። የዴስክቶፑ 12 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ የላፕቶፑ 8 ብቻ። ሻጩ "ያው 4070 ነው" ካለ አትስሙት። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ በሌለው የቢሮ ላፕቶፕ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ሲሙሌተሩ በስክሪን ላይ በሰከንድ 30 ምስል ቢያወጣ ማንም አያማርርም። በቪአር ግን ጭንቅላት ሲዞር ምስሉ አብሮ ካልዞረ ሆድ ይገለበጣል። መነፅሮቹ በአብዛኛው በ72 ወይም በ90 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ይህን ያህል ምስል እያሳዩ ነው የሚሰሩት። ካርዱ 90 ማድረስ ሲያቅተው ሶፍትዌሩ 45 እውነተኛ ምስል ይቀበልና የቀረውን በግምት ይሞላል። ግምቱ ሩቅ ላለ ተራራ ጥሩ ነው። የክንፉ ጠርዝና የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይንቀጠቀጣል።

ስክሪን ወይስ መነፅር?

ካርዳችሁ ደከም ያለ ከሆነ ለጊዜው ቪአሩን ተዉት። ጥሩ ስክሪን ግዙና ኦፕንትራክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። በዌብካም ወይም በስልክ ካሜራ ጭንቅላታችሁን ይከታተላል። ትንሽ ወደ ግራ ስትዞሩ ኮክፒቱ ውስጥ ያለው እይታ ብዙ ይዞራል። ባለ 27 ኢንች ስክሪን ላይ የጌጆቹ (የመለኪያ ሰዓቶቹ) ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። ኪቦርዱ ይታያል፣ ማስታወሻ ይጻፋል፣ ቡናውም ሳይደፋ ይጠጣል። በመነፅር ውስጥ ሆኖ ስኒ መፈለግ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

ታዲያ ሰው ለምን ቪአር ይገዛል? ለማረፊያው ነው። በስክሪን ስታርፉ ከፍታውን የምትገምቱት ከቁጥርና ከልምድ ነው። በቪአር ግን መሬቱ ሲቀርብ የመንደርደሪያው ግራና ቀኝ ጠርዝ ወደ ላይ ሲከፈት ይታያችኋል። አፍንጫውን መቼ ቀና እንደምታደርጉ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ሜዳውን ዞራችሁ ወደ ማረፊያው ስትታጠፉም በግራ ትከሻችሁ በኩል ዘወር ብላችሁ አስፋልቱን ታያላችሁ፤ እውነተኛ ፓይለት እንደሚያደርገው። ይህን ስክሪን አይሰጥም፣ ሦስት ቢደረደርም። በአንጻሩ የትልቅ መንገደኛ አውሮፕላን የበረራ ኮምፒውተር ውስጥ መረጃ ማስገባትና ቻርት (የበረራ ካርታ) እያገላበጡ ረጅም መብረር የሚወድ ሰው በስክሪን ቢቆይ አይጎዳም።

ኩዌስት 3 እና ኩዌስት 3ኤስ

ለአብዛኛው ገዢ ፉክክሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱንም የሚሰራቸው ሜታ ነው። ኩዌስት 3 በፈረንጆቹ 2023 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። 3ኤስ በ2024 በ299 ዶላር መጣ። ክብደታቸው ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሴንሰር አይፈልጉም። ሁለቱም ምስሉን ከኮምፒውተሩ የሚቀበሉት እንደ ስክሪን በቀጥታ አይደለም፤ እንደ ቪዲዮ ተጨምቆ በዩኤስቢ ወይም በዋይፋይ ይመጣላቸዋል። መጭመቁ ካርዱን ትንሽ ያደክመዋል፣ ሩቅ ያለ ዛፍንም ያደበዝዘዋል።

በወረቀት ላይ ልዩነታቸው ትንሽ ይመስላል። 3ኤስ ለአንድ ዓይን 1832 በ1920 ፒክስል፣ ኩዌስት 3 ደግሞ 2064 በ2208። እኔ ግን ትልቁን ልዩነት የማየው ከፒክስሉ ይልቅ ሌንሱ ላይ ነው። 3ኤስ የቆየውን፣ ክብ ክብ መስመር ያለውን የፍሬኔል ሌንስ ይጠቀማል። ኩዌስት 3 ፓንኬክ የሚባለውን አዲሱን።

በትንሿ አውሮፕላን በሴስና 172 ኮክፒት ውስጥ እንየው። በ3ኤስ መሃሉ ጥርት ይላል፣ ዳሩ ይደበዝዛል። ከፍታ መለኪያውን ለማንበብ አፍንጫችሁን ወደ እሱ ማዞር አለባችሁ። በጎን ያለችውን የነዳጅ ጌጅ ለማየት ጎንበስ ማለት ሊያስፈልግ ነው። ትንሿን ቁጥር ሳትለዩ ቀና ስትሉ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ታገኙታላችሁ። በኩዌስት 3 ጭንቅላት ሳይነቃነቅ ዓይን ብቻ ወረድ ብሎ ያነብባል። በረጅም በረራ አንገትን የሚያድነው ይህ ነው።

የዓይን ርቀትም አለ። 3ኤስ ሦስት ቋሚ ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። ኩዌስት 3 ከ58 እስከ 71 በመዘውር ይስተካከላል። በብሌኖቻችሁ መካከል ያለውን ርቀት መነፅር ቤት ገብታችሁ አስለኩ። ቁጥሩ ከሦስቱ ለአንዱ ቅርብ ከሆነ 3ኤስ አይከብዳችሁም። ከራቀ ግን ራስ ምታት እየገዛችሁ ነው።

3ኤስ ለእኛ አገር የሚሆን አንድ ብልጫ ግን አለው። ጨለማ ውስጥ የሚረዳው የኢንፍራሬድ መብራት ተገጥሞለታል። ኩዌስት 3 ክፍሉ ሲጨልም ካሜራዎቹ ግድግዳውን ያጡትና ያለበትን አያውቅም። ይህ ነገር ጅማ ውስጥ ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ያገለገለ ኩዌስት 2 ካገኛችሁስ? ፒክስሉና የሌንሱ ዓይነት ከ3ኤስ ጋር አንድ ነው፣ ቺፑ ግን የድሮ ነው። በጣም ከረከሰ ለመጀመሪያ ይሆናል። ዋጋው ወደ 3ኤስ ከተጠጋ ጨምሩና 3ኤስ ውሰዱ።

የሚያጓጉት ሌሎቹ

ኤችፒ ሪቨርብ ጂ2 ያገለገለ በርካሽ ይወጣል። ለአንድ ዓይን 2160 በ2160 ፒክስል፣ ያውም በዲስፕሌይፖርት (በስክሪን ገመድ ሶኬት) በቀጥታ፣ ሳይጨመቅ። በአንድ ወቅት የሲሙሌተር ሰው ሁሉ የሚመኘው ነበር። ችግሩ የሚሰራበት ዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ የሚባለው ሶፍትዌር ነው፤ ማይክሮሶፍት 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ጀምሮ ከዊንዶውስ ውስጥ አስወግዶታል። ኮምፒውተሩን አፕዴት ካደረጋችሁ መነፅሩ ዝም ይላል። በኋላ ለኢንቪዲያ ካርዶች ብቻ የሚሆን የግለሰብ ድራይቨር መጥቷል። ኮምፒውተር መነካካት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ ለሌላው ወጥመድ ነው። ገመዱ ከተበላሸም ምትኩን ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ፒማክስ ክሪስታል ላይት ሌላ ዓለም ነው። 2880 በ2880 ፒክስል ማለት ጌጁን እንደ ስክሪን ማንበብ ማለት ነው። ግን ወደ 800 ግራም ይመዝናል። ምስሉንም ለመሙላት አርቲኤክስ 4080 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዲስፕሌይፖርት ግድ ስለሚለው ላፕቶፕ ያለው ሰው ሶኬቱ መኖሩን፣ ከዋናው ካርድ ጋር መገናኘቱንም ያጣራ። ቢበላሽ ደግሞ ወደ ውጭ መላክ ነው። እኔ በጅማ ሁኔታ አልመክረውም።

ቢግስክሪን ቢዮንድ 127 ግራም ብቻ ነው፤ ያስቀናል። የመጀመሪያው ሞዴል ግን በገዢው ፊት ልክ የሚሰራ ነው፣ ክፍሉ ውስጥም ለብቻቸው የሚገዙ ሴንሰሮች ይፈልጋል። ያገለገለ ቢዮንድ ገዛሁ ማለት የሌላ ሰው ፊት ገዛሁ ማለት ነው።

መብራት፣ ኔትወርክ፣ ዝናብ

ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ነው፤ መብራት ግን ይሄዳል። ከቦሌ በሴስና ተነስታችኋል እንበል። ጅማ በቀጥታ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ጎማው አስፋልቱን ሊነካ ሲል ጭጭ። ዴስክቶፑ ይጠፋል። መነፅሩ የራሱ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፤ ኮክፒቱን ያነሳና ግንኙነት ተቋርጧል ይላችኋል። ያን ጊዜ የሚያናድደው መውደቁ አይደለም፣ ጨርሶ አለማረፉ ነው።

መፍትሄው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ) ነው፤ ሲገዛ ግን የሚታየው ዋቱ ነው። ዴስክቶፕ ከ4070 ጋር በበረራ ላይ ከ300 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። 650 ቪኤ የተጻፈበት ትንሹ ዩፒኤስ ያን ጭነት ሊሸከም ላይችል ይችላል። ከፍ ያለው ቢሆን እንኳ የሚሰጣችሁ በረራውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ነው። በዚህ በኩል ላፕቶፕ ያለው ይሻላል፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ጉልበቱ ቢቀንስም አይጠፋም።

በዋይፋይ ማገናኘት የኢንተርኔት ፓኬጅ ይበላል ብለው የሚፈሩ አሉ። አይበላም። ምስሉ የሚሄደው ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ መነፅሩ ነው፤ ከቤት አይወጣም። ነገር ግን ራውተሩ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ይሁን፣ ኮምፒውተሩም በገመድ ይያያዝ። ለጀማሪ እኔ የዩኤስቢ 3 ገመዱን እመርጣለሁ። ከስልክ ቻርጀር የመጣ ገመድ አይሆንም። የሜታ ፕሮግራም የገመዱን ፍጥነት ይለካል፤ ከ1 ጊጋ ቢት በታች ካሳየ ገመዱን ቀይሩ።

ፓኬጁን የሚበላው ሲሙሌተሩ ነው። የ2024ቱ ፍላይት ሲሙሌተር ዓለሙን እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ይጎትታል። ኔትወርኩ ሲንገዳገድ ከታች ያለው መሬት ጭቃ ይመስላል። ኤክስ-ፕሌን 12 አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም በረራው አይቋረጥም። መጀመሪያ መሞከሪያውን በነጻ አውርዳችሁ ካርዳችሁን ፈትኑበት። ተዋጊ ጄት የሚወድ ደግሞ ዲሲኤስ ዎርልድ ራሱ ነጻ ነው፣ ሁለት አውሮፕላን ይዞ ይመጣል። በፍላይት ሲሙሌተር ወይም በኤክስ-ፕሌን ኤችኤጄኤም (HAJM) ብላችሁ ፈልጉ፤ የጅማ ማረፊያ ኮድ ነው። ቤቶቹን ግን ሲሙሌተሩ በግምት ስለሚሰራቸው ሰፈራችሁን አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ስለ ክረምቱ አጭር ነገር። የእኛ እርጥበት ለሌንስ ጥሩ አይደለም። በረራው ሲያልቅ ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ካርቶኑ ውስጥ ጨምሩበት። ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ሌንሱ ፀሐይዋን ሰብስቦ ማሳያውን ያቃጥለዋል፤ አይጠገንም።

ገንዘቡን ከመክፈል በፊት

ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ዛሬ የተባለው ነገ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ በዶላር አስቡት። አብዛኛው መነፅር የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው እጅ ነው፤ ዋስትናውም እዚያው ይቀራል። በቴሌግራም ያገኛችሁትን ሳታበሩ አትክፈሉ። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ወጥቶ መነፅሩ እንደ አዲስ (ፋክተሪ ሪሴት) መደረጉን እዩ። ነጭ ምስል ከፍታችሁ ቢጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ፈልጉ፤ ካለ ፀሐይ ነክቶታል። የሌንሱን ጭረት በስልክ መብራት አጋድማችሁ ተመልከቱ።

የእኔን ምርጫ ለሚጠይቅ፦ 4070 አካባቢ ካርድ ያለው ኩዌስት 3 ይግዛ። 3060 ያለው፣ የዓይን ርቀቱም የሚገጥምለት 3ኤስ ይበቃዋል። ከዚያ በታች ያለው ስክሪንና ኦፕንትራክ ይዞ ለካርድ ያጠራቅም። የመጀመሪያው ሳምንት ሆድን ማስለመጃ ነው። በጠራ ሰማይ፣ በዝግታ፣ ሳትገለባበጡ ብረሩ። ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው አውልቁት፤ እልህ መጋባት የሚያመጣው መነፅሩን ማየት እንኳ ማስጠላት ነው።

ከመነፅሩ የተረፈችውን ብር ጆይስቲክ ላይ አውሉ። በቪአር ኪቦርድ አይታይም፤ ፍላፕ (ለማረፍ የሚዘረጋው የክንፉ ክፍል) እና ብሬክ እጃችሁ ስር ባለ ቁልፍ ላይ መሆን አለባቸው። የፍላፑ ቁልፍ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ጣታችሁ ሳትፈልጉት ያገኘዋል።