«ሁሉን ያካተተ» ለሚባለው የዳሎል ጉዞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም የዳሎል ጉዞ ማስታወቂያ በዝቷል። ቢጫና አረንጓዴው መሬት፣ የጨው ምሰሶዎቹ፣ ከታች ደግሞ «ሁሉን ያካተተ» የምትል ጽሑፍ። ዋጋው ከሌሎቹ ቀነስ ይላል። ጠርጥሩ።

እኛ የከፈልነው ዳሎልን ለማየት ነው። ያየነው የአሳሌን የጨው ሐይቅ ነው። ሐይቁን አላጣጥልም። ጨው ቆራጮቹ፣ የግመሉ ቅፍለት፣ ሁሉም ያስደንቃል። ዳሎል ግን አይደለም። ዳሎል ከሐይቁ አልፎ፣ ከጨው ሜዳው ላይ ብድግ ያለ ዝቅተኛ ኮረብታ ነው። ያንን ቀለም የሚሰጡት ከፍል ውሃው ጋር የሚወጡት ድኝ፣ ብረትና ጨው ናቸው። የጨው ምሰሶዎቹም እዚያው ኮረብታው አካባቢ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ይኸው ነው።

ለምን እዚያ አልወሰዳችሁንም ስንል ሹፌሩ ወረቀት መዘዘ። ወረቀቱ የሚለው «የደናክል ጉብኝት» ነው። ደናክል ደግሞ ሰፊ በረሃ ነው። ኤርታሌም፣ አፍዴራም ደናክል ናቸው። ጨው ሜዳው ላይ አውርደው ፎቶ ካስነሷችሁ በእነሱ ቤት ውሉ ተፈጸመ። ብልጠቷ እዚች ላይ ናት።

በእርግጥ ሹፌሩ ሌላም ምክንያት ነበረው። «አሁን ፀሐዩ አይቻልም» አለ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደ ልኬት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። አማካይ ነው እንግዲህ፤ ሌሊቱም ብርዳማ የሚባሉት ወራትም ተደምረው። ለዚህ ነው ደህና አስጎብኚ እዚያው አጠገብ ያለችው መንደር ሐመድ ኢላ አሳድሮ ጎህ ሲቀድ የሚያወጣችሁ። እኛን ግን ሌላ ቡድን እስኪመጣ ብለው ሲያስጠብቁን አረፈድን። በአንድ መኪና ሁለት ሂሳብ መሆኑ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። «ሁሉን ያካተተ» ያሉን ሰዎች እዚያ ስንደርስ የጋይድና የጥበቃ ክፍያ ለብቻው ነው አሉ። በጥሬ ብር፣ ያውም አሁኑኑ። በረሃ መሃል ቆሞ ማን ይከራከራል? የአፋር ጋይዶቹ እዚህ ውስጥ ጥፋት የለባቸውም፤ የድካማቸውን ነው የጠየቁት። ያለ እነሱ ዳሎል መውጣት እብደት ነው። አንዳንዱ ቦታ ላዩ ስስ ቅርፊት ነው፤ ስሩ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) ከ1 በታች የሚወርድ አሲድ ያለው ውሃ ነው። ጋይዱ የረገጠበትን እየረገጡ ብቻ ነው የሚኬደው። ይህንን ወጪ ከዋጋው አውጥቶ «ርካሽ ነኝ» የሚል አስጎብኚ ዋሽቷል።

ከመቀሌም ተነሱ ከሰመራ፣ ወረቀቱ ላይ «ዳሎል» የሚለው ስም ራሱ ይጻፍ። ኮረብታው ላይ በስንት ሰዓት እንደምትደርሱም ይጻፍ። የጋይድ፣ የጥበቃና የፈቃድ ክፍያ በዋጋው ውስጥ እንዳለ አስፍሩልን በሉ። ስንት መኪና አብሮ እንደሚሄድ ጠይቁ። አንድ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጨው ሜዳው ላይ ጎማ ሲሰምጥ ጎትቶ የሚያወጣ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ውሃ ለማንም አትተዉ፣ ራሳችሁ ያዙ።

ስለ ቀብድ ደግሞ። «ቀብድ አይመለስም» ሲሏችሁ የሕጉን ግማሽ ነው የነገሯችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ በሌላ መልክ ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ወገን ሲያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህችን ሁለተኛዋን ማንም አያነሳትም። ስለዚህ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ እጥፉን የሚያስቀር ሐረግ እንዳይገባ አንብቡ። ለላካችሁት ብር ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የባንክ ዝውውር ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም። የማስታወቂያውን ፎቶም አስቀምጡ፤ የእኛዎቹ በተመለስን ማግስት አጥፍተውታል።

ድርጅቱ ገንዘባችንን ሊመልስ በስልክ ቃል ገብቶ ነበር። አሁን ስልክ አያነሳም። ፎቶውንና ወረቀቱን አያይዘን አቤቱታ አስገብተናል፤ መልስ ሲገኝ አሳውቃችኋለሁ።