የባስታር ናስ ወይስ የባስታር ብረት?

በሕንድ ቻቲስጋር ግዛት፣ በደን የተሸፈነው ባስታር በሁለት የእጅ ሥራዎች ይታወቃል፤ ዶክራ በሚባለው የናስ ቅርጽና በተቀጠቀጠ ብረት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚገዛ ሰው የቱን ይምረጥ?

ዶክራ አድካሚ ነው። የጋድዋ ማኅበረሰብ ባለሙያ መጀመሪያ ከጭቃ የውስጡን ቅርጽ ያበጃል፤ ሰሙን እንደ ክር አቅጥኖ ይጠመጥምበታል፤ ጌጡን፣ ዓይኑን፣ ጸጉሩን ሁሉ በዚያው ሰም ያወጣል። ከዚያ እንደገና በጭቃ ይለብጠውና እሳት ውስጥ ይከተዋል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ቦታውን የቀለጠ ናስ ይይዘዋል። የጭቃው ልባስ ካልተሰበረ ዕቃው አይወጣም፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የዝሆን ቅርጾች አይገኙም። ከ4,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረችው፣ በጥንታዊቷ የሞሄንጆ ዳሮ ከተማ የተገኘችው የነሐስ ልጃገረድ ቅርጽም የተሠራችው በዚሁ የሰም ዘዴ ነው።

ብረቱ ሌላ ጠባይ አለው። ቀጥቃጩ ብዙውን ጊዜ ውዳቂ ብረት በከሰል አግሎ በመዶሻ ያሳሳዋል፤ ቀጫጭን አጋዘኖች፣ የመብራት ማስቀመጫዎች፣ ከበሮ መቺዎች ይወጡታል። ጥድፊያ ያለበት፣ መስመሩ ንጹሕ ሥራ ነው። እርጥበት ግን ጠላቱ ነው፤ ካልተቀባ ይዝጋል።

እኔ ዶክራውን እመርጣለሁ፤ የሰም ክሩ ዱካ ናሱ ላይ ቀርቶ ይታያልና። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ከሆነ ግን ብረቱ ይሻላል፤ ናስ ይከብዳል። ሁለቱንም ለማየት ወደ ኮንዳጋኦን መሄድ ነው፤ ከተማዋ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባስታር ተለይታ የራሷን ወረዳ ይዛለች።