እናቴ ቤት የገቡ ባለሙያዎች

ባለፈው ክረምት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተነሥቼ አዲስ አበባ በሚገኘው የእናቴ ኮንዶሚኒየም ቤት አምስት ሳምንት ሰነበትኩ። ሆቴል አላረፍኩም፣ ከከተማም አልወጣሁም፤ ስለዚህ ስለ ሎጅና ስለ ሬስቶራንት ለሚጠይቁኝ ወገኖች የምነግራቸው ነገር የለኝም። የምጽፈው ለእናት ለአባታቸው ቤት አንድ ነገር አሠርተው ለመመለስ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። እኔ ዲሽ አስተካክያለሁ፣ የአባቴን ካሴቶች ወደ ፍላሽ አስገልብጫለሁ፣ ቀሚስ አሰፍቻለሁ፣ በስልክ በሚጠራ ታክሲም ተመላልሻለሁ። ሁሉንም የመዘንኩት በአንድ ሚዛን ነው፦ ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ብሆንም ዕቃው የሚቀረው እናቴ ዘንድ ስለሆነ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ እሷ ብቻዋን የማትጠቀምበትን ሥራ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንደተሠራ አልቆጥረውም።

በዲሹ ልጀምር። የእናቴ ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሷል፤ ሁለቱ ሪሞቶችም ተገዝተው ከመጡበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልወጡም። ላስቲኩ ስለደበዘዘ ቁጥሮቹ አይታዩም፤ እሷም ቁልፎቹን የምታውቃቸው በጣቷ ነው። ማታ ማታ ሁለት ጎረቤቶቿ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያም በአማርኛ ድምፅ የሚቀርበው የቱርክ ድራማ ይጀምራል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ማቅረቡ በአገር ቤት ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በእናቴ ሳሎን ያለው ክርክር ግን በድራማው ውስጥ ስላለችው አማት ነው። እናቴ ለምራቲቱ በቀጥታ ምክር ትሰጣለች። «አንቺ ልጅ፣ እንዳትፈርሚ!» ትላታለች። ጎረቤቷ ደግሞ «ባትፈርም ልጆቿን ማን ያሳድግላታል?» ብላ ትሟገታለች፤ ሦስተኛዋ እስከ በረካው ድረስ ዝም ብላ ቆይታ በመጨረሻ ፍርድ ትሰጣለች። እንዲህ ያለ ሸንጎ በየምሽቱ በሚቀመጥበት ቤት የምስል መጥፋት ቀላል ጉዳይ አይደለም። በገባሁ በሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለና ምስሉ ጠፋ።

መጀመሪያ ያመጣሁት ባለሙያ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ምስሉን መለሰ። ሪሲቨሩ ያገኘውን ጣቢያ ሁሉ እንዲሰበስብ አድርጎ፣ ከስድስት መቶ በላይ ቻናል አስገብቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ ሸንጎው ሲሰበሰብ ሰባተኛ ላይ የነበረው የእናቴ ጣቢያ አራት መቶ ስንተኛ ላይ ገብቶ ተገኘ። የእህቴ ልጅ እስኪፈልገው ድረስ የዕለቱ ክፍል ተጋመሰ። ሰውየው ሙያውን አያውቅም አልልም፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር አልጠየቀም።

ሁለተኛው ወጣት ገና ጫማውን በር ላይ እያወለቀ «ማዘር፣ ማታ ማታ የሚያዩት የትኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ሳህኑ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት በኩል በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት እንደሚመጡ፣ የእህቴ ልጅ የሚፈልጋቸው የአረብ ፊልም ጣቢያዎች ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ካለው ናይልሳት እንደሚገኙ፣ አንዱ ሳህን ወደ ምሥራቅ በጣም ቀና ብሎ ሌላው ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የሚቆም በመሆኑ አንድ ሳህን ለሁለቱ እንደማይበቃ አስረዳን። ሁለተኛ ሳህንና ሁለቱን ሳህኖች ከአንዱ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኝ ስዊች ተገዛ። ከዚያም ዘጠኝ ጣቢያዎችን ብቻ መርጦ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ደረደረና፣ የእናቴን ጣቢያ ወደ ሰባተኛ ቦታው መልሶ፣ ዝርዝሩን በትልልቅ ፊደል ጽፎ በቴሌቪዥኑ ጎን ለጠፈ። በዳንቴሉ ላይ አልለጠፈውም፤ ይህን እናቴ በተለይ አስተውላለታለች።

የብልሽቱን ምክንያትም ያገኘው እሱ ነው። በረዶውን ያለ ጥፋቱ ወቅሰነው ኖሯል። የጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ከሳህኑ ብረት ጋር ታስሮ ስለነበር፣ እርጥብ ጋቢ በተሰጣ ቁጥር ክብደቱ ብረቱን ይስበው ነበር። ወጣቱ ጎረቤቲቱን አስፈቅዶ ገመዱን ወደ መስኮቱ ብረት አዛወረው። ከመጀመሪያው ባለሙያ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል አስከፈለኝ፤ በደስታ ከፈልኩት። ለሌሎች የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ባለሙያ ወደ እናት ቤት ስትጠሩ ለሥራው ከያዛችሁት ሰዓት ላይ የቡናውን ሰዓት ጨምሩበት። ወጣቱ ሌላ ቀጠሮ ስለነበረው ከአቦል በኋላ ሊነሣ ሞክሮ ነበር፤ ቶናውን ሳይጠጣ ግን ከዚያ ቤት መውጣት አልተፈቀደለትም።

አሁን ወደ ካሴቶቹ ልምጣ፤ ይበልጥ የምሳሳለትም ጉዳይ ይህ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የእሑድ መዝናኛው ከሬዲዮ ዘፈን መቅዳት ነበር። ጣቱን በመቅጃው ቁልፍ ላይ አድርጎ የጋዜጠኛው ድምፅ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ በዚያች ሰዓት ቤቱ ውስጥ ማንም አይናገርም፣ ቡና እንኳ አይወቀጥም። የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች ያሉባቸው ሰባ አራት ካሴቶች በካርቶን ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ቀን በእጁ ጽፏል። ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ይሰብር ነበር፤ ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ ክፍተቱን በፕላስተር ይደፍነዋል። የእህቴ ልጅ ከካርቶኑ ውስጥ እርሳስ አግኝቶ ለምን እንደተቀመጠ ጠየቀኝ፤ በካሴቱ ቀዳዳ አስገብቼ ክሩን ሳጠነጥንለት የሰባ አራቱንም ካሴት ካላጠነጠንኩ ብሎ አስቸገረኝ።

መጀመሪያ የሰጠሁት ሱቅ ሥራውን በሁለት ቀን ጨርሶ መለሰልኝ። ድምፁ እጅግ የጠራ ነበር፤ እኔም ተደሰትኩ። እናቴ ግን ሦስት ዘፈን ሰምታ «የአባትህ ሳል የታለ?» አለችኝ። በአንደኛው ካሴት ላይ፣ በዘፈኑ መሐል፣ አባቴ ሁለት ጊዜ ይስላል፤ እሷ ዘፈኑን ያለ ሳሉ አታውቀውም። ለካ ሱቁ ካሴቶቹን ሳይነካ፣ ላያቸው ላይ የተጻፈውን ርዕስ እያነበበ ከኢንተርኔት አውርዶ ኖሯል። ስጠይቃቸው «ያው ዘፈኑ አንድ ነው፣ ጥራቱ ደግሞ ይሻላል» አሉኝ። ይህን መልስ በደግ ለመተርጎም ሞክሬ አልቻልኩም። ስለዚህ ካሴት የምታስገለብጡ ሁሉ፣ በካሴቱ ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ ምልክት፣ ሳልም ይሁን የበር ድምፅ፣ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሥራውን ስትረከቡም እሱን ፈልጉ።

ሜክሲኮ አካባቢ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ሥራውን እንደገና ተቀበሉኝ። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስድሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። በቀን ከአራት ወይም ከአምስት በላይ እንደማይሠሩ ነገሩኝ፤ ሰባ አራቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደ። እያንዳንዱን ካሴት ከማጫወታቸው በፊት እስከ መጨረሻው ወደፊትና ወደኋላ ያጠነጥኑታል፤ ለዓመታት የተጣበቀው ክር እንዲላቀቅ ነው። የማጫወቻውን ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነብበውን ክፍል፣ በአልኮል ይጠርጋሉ፤ ቤቱ የተሰነጠቀውን ካሴት ክሩን አውጥተው በሌላ ባለ ብሎን ቤት ውስጥ ያስገቡታል። እንዲህ ያለ ሥራ የምትፈልጉ በደረሳችሁበት ቀን ስጡ፤ የመመለሻችሁ ሳምንት ከገባ አይደርስም።

በዘጠነኛው ቀን ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቁጥር አርባ አንድ ዘፈን አይደለም። ሴት ልጅ ሰላምታ ታቀርባለች፣ ስም እየጠራች ታለቅሳለች። ማሽኑ እንዲቀዳ ትቼው ድምፁን ዘግቼዋለሁ፤ የሰው ቤት ነገር ነው» አሉኝ። አክስቴ በደርግ ዘመን ከካርቱም በሰው እጅ የላከችው የድምፅ ደብዳቤ ነበር። ያኔ ስልክ ውድ ስለነበረ፣ ፖስታም ስለማይታመን፣ ብዙ ቤተሰብ በካሴት ይነጋገር ነበር። አባቴ ከዘፈኖቹ መካከል ለምን እንዳስቀመጠው እናቴም አታውቅም። በሄድኩባቸው አገሮች ሁሉ ስለ ደንበኛ ምስጢር ብዙ ማስታወቂያ አንብቤያለሁ፤ ድምፁን ዘግተው የቀዱልኝን ሰው ግን ያገኘሁት እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው።

አዛውንቱ ሥራቸውን በፍላሽ ብቻ አላበቁም። እናቴ በቴሌቪዥኑ ማውጫ ውስጥ ገብታ ዘፈን መፈለግ እንደማይሆንላት ሲረዱ፣ ፍላሽ የሚቀበል ባለ ቁልፍ ሬዲዮ እንድገዛ መከሩኝ፤ ዘፈኖቹንም በአራት ፍላሽ ከፋፍለው በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰሩበት። ቀይ ክር ጥላሁን ነው፤ ነጩ የአክስቴ ድምፅ ብቻ ያለበት ነው።

ስለ ቀሚሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሽሮ ሜዳ እንደ ወትሮው ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሥራ ዛሬም እዚያ ተደርድሮ ይገኛል። ሰፊዋ የባለቤቴን ልክ ከፎቶ ለመውሰድ ያቀረበችውን ሐሳብ ትቼ በልኳ የተሰፋ ልብስ ይዤ በመምጣቴ ቀሚሱ ልክክ አለ። ጥለቱን በቀን ብርሃን ምረጡ።

ታክሲዎቹ በጥቅሉ መልካም ናቸው፤ ክፍያም በቴሌብር ስለሆነ የመልስ ጣጣ ቀርቷል። ዋናው ችግር ቦታ ማስረዳት ነው። ሾፌሩ ካርታ ይዞ እያለ ደውሎ «የት ጋ ናችሁ?» ማለቱ አይቀርም። እናቴም የምትነግረው በምልክት ነው፤ ሆኖም በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ምልክቶቿ ግማሾቹ ፈርሰዋል። «ዳቦ ቤቱ የነበረበትን አልፈህ፣ ትልቁ ዛፍ የነበረበት ጋ ወደ ግራ» ትለዋለች። የሚገርመው ሾፌሮቹ ያገኙታል፤ ዳቦ ቤቱ የት እንደነበረ እነሱም ያስታውሳሉና። አንድ ብቻ ስልኩን ዘግቶ ጉዞውን ሰርዟል።

ዋጋዎቹን በቁጥር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ የእኔ ቁጥር ለእናንተ አሳሳች ይሆናል፤ ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ፣ ለካሴት በፍሬ፣ ለዲሽ በጠቅላላ ተዋዋሉ።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ደወለችልኝ። ምስሉ እንደገና ጠፍቶ ነበር፤ ለዲሹ ወጣት እሷው ደውላለት «ማዘር፣ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ወጥተው ገመዱን ይዩት» ብሏታል። አዲስ የገባ ተከራይ ብርድ ልብሱን በሳህኑ ብረት ላይ አስጥቶ ኖሯል። እናቴ ብርድ ልብሱን አንሥታ፣ አጣጥፋ፣ በተከራዩ በር ላይ አስቀመጠችው። ምስሉ ሰባተኛ ላይ መጣ፤ ምራቲቱም በመጨረሻ ፈርማ አገኘቻት።