የጦርነት ሥዕል፦ በአገርኛው ስልት ወይስ በእርሳስ?

ጎንደር ውስጥ ሥዕል የሚማሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ ጦርነትን በየትኛው ብንሥል ነው ጥበብ የሚባለው?

አገርኛው ስልት፦ ሸራና ቀለም ስለሚፈልግ ወጪው ከበድ ይላል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ ወገን በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን። በዓድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ይታያል። ሠዓሊው በዓይኑ ባያየውም ተመልካቹ ያምነዋል፤ ለእኔ ይህ ሙሉ ጥበብ ነው። ጉዳቱ፣ ሟቾቹ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛሉ።

እርሳስ፦ ርካሽ ነው። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች እናት፣ ጣቶቿ ጥለቱን ጨምድደው፤ ይኸው በቃ። ሳያስፈቅዱ መሣል ግን ቁስል መነካካት ነው።

ለአዳራሽና ለድል በዓል አገርኛው ይሻላል። ሐዘን ለተቀመጠ ቤት እርሳሱ። ለመጀመር ግን፣ በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ ቃጠሎ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ የጣሪያዋን ሥዕል ቀና ብላችሁ እዩ።